የጠፋው የመርፌ ጫፍ ሳይገኝ ቀሚሱ አይለበስም

ጥያቄ፦ «ለእህቴ ሰርግ የምለብሰውን የሐበሻ ቀሚስ ጨርቁን ከሽሮ ሜዳ ገዝቼ ሰፈሬ ያለ ልብስ ሰፊ ሠራልኝ። ስለረዘመብኝ የታችኛውን ጠርዝ አጥፌ ራሴ በእጄ መቀምቀም ጀመርኩ። ክሩ በየመሃሉ ይተበተባል፣ ስፌቱ ከፊት ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ ጠርዙም ተሸብሽቧል። ጥለቱ ላይ ስደርስ መርፌው ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝ፤ የሁለተኛው ጫፍ የት እንደገባ አላወቅሁም። ጣቴንም ወግቶኝ ጨርቁን ሦስት ቦታ ላይ ደም ነክቶታል። እናቴ መርፌ ሥጋ ውስጥ ከቀረ በደም ሥር ሄዶ ልብ ይወጋል ብላ አስፈራርታኛለች። ደሙን በሙቅ ውሃና በበረኪና ላጥበው? ቀሪውን ጠርዝ በመኪና ባሰፋውስ? የነጠላውም ጫፍ እየተፈታ ነው። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።» ከአዳማ

መልስ፦ ቀሚሱን ቀስ ብለው ነጭ አንሶላ ላይ ያኑሩትና ለጊዜው አይንኩት። ለመለካት እንኳ አይልበሱት፤ አያራግፉት፤ አያጥቡት። ከጻፉት እንደምረዳው ይበልጥ ያስጨነቁዎት ጠርዙና ደሙ ናቸው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን በአንዲት መስመር ያለፉት ነገር ነው፤ የመርፌው ጫፍ የት እንደገባ አለመታወቁ። የተሸበሸበ ጠርዝ ይፈታል፤ ደምም ይለቃል። በእጥፋት ውስጥ የቀረ የብረት ስባሪ ግን ሲቀመጡ እግርዎን፣ አለዚያም ቀሚስዎን ይዛ የምትጎትት የአንዲት ሕፃን መዳፍ ሊወጋ ይችላል።

ጫፉ ሊኖር የሚችለው ከሦስት ቦታ በአንዱ ነው፦ ጣትዎ ውስጥ፣ ቀሚሱ ውስጥ ወይም ወለሉ ላይ። ፍለጋውን ከመጀመርዎ በፊት የጎደለው ምን ያህል እንደሆነ ይወቁ። ከዚያው ጥቅል ያልተሰበረ ተመሳሳይ መርፌ አውጥተው ነጭ ወረቀት ላይ ያስቀምጡና በእጅዎ የቀረውን ስባሪ ከጎኑ ያጋድሙት። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሚፈልጉት ነገር ርዝመት ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ሰውና ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚፈልግ ሰው ዓይናቸውን የሚጥሉት በተለያየ ነገር ላይ ነው። ስባሪውን በፕላስተር ወረቀቱ ላይ ለጥፈው ያቆዩት። ልብስ ወደ ውጭ አገር በሚልኩ ፋብሪካዎች አሠራሩ ይኸው ነው፤ መርፌ ሲሰበር ሠራተኛዋ ሥራዋን ታቆማለች፣ ስባሪዎቹ ተገጣጥመው ሙሉ መሆናቸው ይረጋገጣል፣ አንዲት ቁራጭ ከጎደለች ልብሱ ከመስመር ወጥቶ ለብቻው ይቀመጣል። በቤት ውስጥ የምንሰፋ ሰዎች ከዚህ ያነሰ የምንጠነቀቅበት ምክንያት የለም።

አሁን ወደ ጣትዎ። የተወጉበትን ቦታ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥበው በጥሩ ብርሃን ይመልከቱት። በመርፌ መወጋት ብቻውን በአንድ ቀን ውስጥ ሕመሙ የሚቀንስ ነገር ነው። አንድ ነጥብ ላይ ሲጫኑት እንደ እሾህ የሚወጋ ስሜት ካለ፣ ከቆዳው ሥር ጠንካራ ነገር ከተሰማዎት ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ስባሪው ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጫፉ ከቆዳ በላይ የሚታይና የሚያዝ ከሆነ በአልኮል በተጠረገ ወረንጦ ይዘው በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ ወደ ጎን አይጠምዝዙት፣ ሊሰበር ይችላል። የማይታይ ከሆነ ግን በሌላ መርፌ እየቆፈሩ መፈለግ ይቅር። በመቆፈር የሚገኘው ብዙ ጊዜ ሌላ ቁስል ነው፤ ስባሪውም የበለጠ ይገፋል። ጣትዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ ወረቀቱ ላይ የለጠፉትን ስባሪ ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ብረት በራጅ በግልጽ ስለሚታይ በሁለት አቅጣጫ የተነሳ ራጅ ጫፉ መኖር አለመኖሩን ይለያል።

እናትዎ የነገሩዎት ነገር እኔም ልጅ ሆኜ የሰማሁት ነው። ጣት ውስጥ የቀረ ስባሪ እንደ ጀልባ በደም ሥር ተንሳፍፎ ልብ ድረስ አይሄድም። የጣት ጫፍ የደም ሥሮች እጅግ ቀጫጭን ናቸው፤ ስባሪው የሚቀረው በቆዳና በሥጋ መካከል ነው። ነገር ግን የእናትዎ ስጋት ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። ጣት በታጠፈና በተዘረጋ ቁጥር ስባሪው ከቦታው ቀስ በቀስ ሊንሸራተት፣ ጅማት ሊነካ፣ ሊመግል ይችላል። ስለዚህ መቸኮል ይገባል፤ ምክንያቱ ግን ልብ ሳይሆን ጣትዎ ነው። ጣቱ በሙሉ ካበጠ፣ ለመዘርጋት ሲሞክሩ ካመመዎት፣ ቅላቱ ወደ እጅ ከተስፋፋ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ዕለት ሐኪም ሊያይዎት ይገባል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ምልክት መጠበቅ የለበትም።

የመንጋጋ ቆልፍን ነገርም ሳላነሳ አላልፍም። ብዙ ሰው የሚፈራው የዛገውን መርፌ ብቻ ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ይንቃል። በሽታውን የሚያመጣው ዝገት ሳይሆን በአፈርና በእንስሳት እበት ውስጥ የሚኖር ተህዋስ ነው፤ ወለል ላይ ወድቆ የተነሳ አዲስ መርፌም ሊይዘው ይችላል። የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰዱ 10 ዓመት ካለፈ፣ ቁስሉ የጠለቀ ወይም ቆሻሻ የነካው ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ካለፈ፣ ማጠናከሪያ እንደሚያስፈልግዎ ጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ቁስል ላይ ቡና መነስነስ ወይም አመድ ማድረግ ከቤታችን ያልወጣ ልማድ ነው። እባክዎ አያድርጉት፤ ጀርም ያስገባል፣ ሐኪሙም ቁስሉን በግልጽ እንዳያይ ያደርጋል።

ጣትዎ ሰላም ከሆነ ፍለጋው ቀሚሱ ላይ ነው። የመርፌ ብረት በማግኔት ይሳባል፤ ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱን በስስ ፌስታል ይጠቅልሉት፤ ስባሪው ሲጣበቅ ፌስታሉን ገልብጠው በቀላሉ ያወጡታል። ጥለቱ ላይ ያለው ወርቅማና ብርማ ክር አያሳስትዎ። አሁን በገበያ ያለው አብዛኛው እንዲህ ያለ ክር ስስ አሉሚኒየም የተቀባ ፕላስቲክ ስለሆነ ማግኔት አይስበውም። ማግኔቱ ጥለቱ ላይ ድንገት ያዝ ካደረገ የያዘው ብረት ነው። ጨርቁን በጣትዎ ጫፍ እየዳበሱ ግን አይፈልጉ። ወለሉን ደግሞ መብራት አጥፍተው የስልክዎን መብራት መሬት አስነክተው ወደ ጎን ያብሩት፤ ከላይ የማይታይ ስባሪ ከጎን በመጣ ብርሃን ይብለጨለጫል፣ ጥላም ይጥላል።

ማግኔቱ ምንም ካላገኘ የሰፉትን ጠርዝ በሙሉ ይፍቱት። ለማንኛውም መፈታቱ አይቀርም፣ ወደ እሱ እመጣለሁ። እጥፋቱ ተፈትቶ ጨርቁ አንድ ድርብ ብቻ ሲሆን በመስኮት ብርሃን ፊት ወጥረው ይያዙት። የሸማ ጨርቅ ድርና ማጉ የሳሳ ስለሆነ በአንድ ድርብ ውስጥ ብረት ሊደበቅበት አይችልም፤ እንደ ጥቁር ሰረዝ ሆኖ ይታያል። መደበቂያው እጥፋቱና ጥለቱ ብቻ ናቸው። ከዓመታት በፊት በእጄ ስሠራው የነበረ አንድ ነጠላ ላይ የመርፌ ጫፍ ጠፍቶብኝ ሁለት ቀን ፈልጌአለሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት ከጥለቱ ጀርባ፣ የተዘለሉት የጥለት ክሮች ሥር፣ ልክ እንደ አንዱ ክር ቀጥ ብሎ ተኝቶ ነው። ዓይኔ አሥር ጊዜ አልፎታል፤ ያገኘው ማግኔቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ፍለጋን የምጀምረው ከጥለቱ ጀርባ ነው፤ እርስዎም ከዚያ ይጀምሩ።

መርፌው ለምን ተሰበረ? «ርካሽ ስለሆነ» ይሉ ይሆናል፤ አንዳንዴ እውነት ነው፤ ነገር ግን ርካሽ መርፌ ይበልጥ የሚታወቀው በመጉበጥ ነው። በደንብ የጠነከረ ብረት ግን ሲገፉት አይጎብጥም፣ ይሰበራል። የሰበረው የጎን ግፊት ነው። ቀጭን መርፌ ወስደው፣ ጥለቱን ከነእጥፋቱ ሦስት ድርብ አድርገው፣ አልገባ ሲል በአውራ ጣት ወደ ጎን እያጋደሉ ገፍተውታል። መርፌ ወደፊት ሲገፉት ብዙ ይችላል፤ ወደ ጎን ሲጫኑት ትንሽም አይችል። ጥለት ላይ ሲደርሱ መርፌ ይቀይሩ፤ ከኋላው ደግሞ ልብስ ሰፊዎች መሃል ጣታቸው ላይ በሚያጠልቁት የብረት ቆብ ይግፉት። ቆቡ ከሌለዎት ከወፍራም ቆዳ የተቆረጠ ቁራጭ ጣትዎ ላይ ቢጠቀልሉም ይሠራል። መሃል ላይ ከያዘብዎ በጥርስዎ አይሳቡት፣ በፒንሳ ቀጥ አድርገው ይሳቡት። አንዴ የጎበጠ መርፌ ቢቃና እንኳ ድካሙ ውስጡ ይቀራል፤ ይጣል።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚገጥመኝ ስሕተት አለ። የእጅ መርፌ ቁጥሩ ሲጨምር እየቀጠነና እያጠረ ይሄዳል። የስፌት መኪና መርፌ ግን ተቃራኒ ነው፤ 80 የሚል መርፌ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 100 የሚለው ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ «ትልቅ ቁጥር ስጠኝ» ብሎ የእጅ መርፌ የሚገዛ ሰው ያሰበውን ተቃራኒ ይዞ ይመለሳል። ለሸማ ጠርዝ የእጅ መርፌ ቁጥር 9 ወይም 10 ይግዙ፤ ለጥለቱ ቁጥር 7 ይበቃል። የቀድሞውን መርፌ ጫፍ ለመፈተሽ በጥፍርዎ ላይ በቀስታ ይሳቡት። ከቧጨረ ጫፉ ተቆልምሟል ማለት ነው፤ ከፊት ያዩት ነጠብጣብ በከፊል የዚህ ሥራ ሊሆን ይችላል፣ የተቆለመመ ጫፍ በክሮች መካከል ከመንሸራተት ይልቅ ክሩን ራሱን ይበሳል።

ወደ ደሙ። ሙቅ ውሃ አይሆንም፤ በረኪናም አይሆንም። ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሲሞቅ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል ይረጋና የክሩ አካል ይሆናል፤ ካውያም ፀሐይም ያንኑ ያደርጋሉ። በረኪና ደግሞ የጥጡን ክር ያደክማል፣ በጊዜ ብዛት ቢጫ ያደርገዋል፣ ጥለቱንም ያነጣል። ገና እርጥብ እያለ ቢሆን ኖሮ የልብስ ሰፊዎች የቆየ ዘዴ ይበቃዎት ነበር፤ የነጭ ጥጥ ክር ቁራጭ አፍ ውስጥ ከትቶ በራስ ምራቅ ማራስና በእሱ ነጠብጣቧን ነካ ነካ ማድረግ። ለትንሽ ነጠብጣብ ይሠራል፣ ከብዙ ጉዳት አድኖኛል። የእርስዎ ግን ሳይደርቅ አልቀረም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨው በጥብጠው ነጠብጣቡን ብቻ ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ ውሃውን እየቀየሩ ይደጋግሙት። ከዚያ ነጭ ሳሙና በጣትዎ ቀብተው ከዳር ወደ መሃል እየተጫኑ ያስለቅቁት፤ አይፈትጉት፣ ሸማ ሲፈተግ ይበጣጠሳል። ቡናማ ጥላ ከቀረ ከፋርማሲ የሚገዛ 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ በጥጥ ነክረው ነጩ ላይ ብቻ ያስነኩት፤ አረፋ አውጥቶ ሲያበቃ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት። ጥለቱ አጠገብ ከሆነ ግን አስቀድመው በማይታይ ቦታ ይሞክሩት፣ ቀለሙን ሊወስደው ይችላል። በረኪናን ከፐሮክሳይድም፣ ከኮምጣጤም፣ ከሌላ ማጽጃም ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ ከኮምጣጤና ከአንዳንድ ማጽጃዎች ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ደሙ ሙሉ በሙሉ መልቀቁን በቀን ብርሃን ሳያዩ ካውያ አያስነኩት።

አሁን ጠርዙ። በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እኔ ልጠይቅዎ፦ ቀሚሱ ስለረዘመ ከታች ያጠፉት ጥለቱን ነው? ጥለቱ ላይ ሲደርሱ መርፌ ከተሰበረብዎ መልሱ አዎ ይመስለኛል። ከሆነ ስሕተቱ ከስፌቱ በፊት የነበረ ነው። ሸማኔው ቀን ቆጥሮ የሸመነውን ጥለት አጥፎ ወደ ውስጥ መቅበር ያሳዝናል፤ በዚያ ላይ ጠርዙ ይወፍራል፣ ይከብዳል፣ ቀሚሱም አይወርድም። ባለ ጥለት ቀሚስ የሚያጥረው ከወገቡ ነው። የወገቡ ስፌት ይፈታል፣ ትርፉ ከላይ ይገባል፣ ጥለቱ ከታች በሙሉ ክብሩ ይቀራል። ወገብ የሌለው ቀጥ ያለ ቀሚስ ከሆነ ከጥለቱ በላይ በዙሪያው አንድ ሽንሽን ማስገባት ይቻላል። ይህን ክፍል ለሰፊው ይመልሱለት፤ የወገብ ስፌት ሸክም የሚችል ጠንካራ መስመር ስለሚፈልግ መኪናው የሚሻለው እዚያ ነው። ርዝመቱ የሚለካው የሰርጉን ጫማ አድርገው፣ ሌላ ሰው መሬት ላይ ተንበርክኮ በስፒል ሲይዝልዎ ነው፤ ጫፉ በእርግጥ ከተገኘ በኋላ ማለቴ ነው። ከመለካቱ በፊት ቀሚሱን አንድ ሌሊት ስቀሉት፤ ሸማ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሳይሰቀል የተለካ ጠርዝ በማግስቱ ወደ አንድ ጎን ይዘቀዝቃል።

ጠርዙን በመኪና ማሰፋት ግን አልመክርዎትም። የመኪናው ጥርስ የታችኛውን ድርብ ወደፊት ሲጎትት የላይኛው በመኪናው እግር ተይዞ ወደኋላ ይቀራል፤ በሳሳ ሽመና ላይ ይህ ማዕበል ይሠራል። የመኪና ስፌት መስመር ደግሞ እንደ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ የሸማ ውበት በመለስለሱና በመውረዱ ነውና መስመሩ ያፍነዋል። በእጅ ጀምረዋል፣ በእጅ ይጨርሱት።

ስፌቱ ከፊት የታየው ብዙ ክር ስላነሱ ነው፤ የተሸበሸበው ደግሞ ክሩን ስላጠበቁት ነው። አሠራሩ ይህ ነው፦ ጠርዙን በመጀመሪያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ያጥፉና ላላ ባለ ጊዜያዊ ስፌት ይያዙት። ክሩን መጨረሻው ላይ አይቋጥሩት፤ ቋጠሮ በሳሳ ሽመና ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። በእሱ ፈንታ በእጥፋቱ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ትናንሽ የተመላለሱ ስፌቶች ሰፍተው ያስይዙት። ከዚያ መርፌውን በእጥፋቱ ውስጥ እንደ ዋሻ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ያስኪዱት፣ ያውጡት፣ ከፊት ለፊቱ ካለው ጨርቅ አንዲት ክር ብቻ ያንሱ። አንዲት! በመርፌው ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ስትታይ ቀና ብለው ይቁጠሯት፤ ሁለት ከሆኑ ይመለሱ። ወደ እጥፋቱ ገብተው እንደገና አንድ ሴንቲ ሜትር ይሂዱ። ክሩን ሲስቡ እጥፋቱ እንደነካ ያቁሙ፤ ጎድጎድ ካለ ጠብቋል። በየአሥር ስፌቱ ጠርዙን በሁለት እጅዎ ይዘው በቀስታ ወደ ጎን ይለጥጡት፣ የተሰበሰበው ክር ቦታውን ያገኛል። እንዲህ የተሰፋ ጠርዝ ከፊት አይታይም፣ ሲለጠጥም አይበጠስም።

መተብተቡ ደግሞ ከክሩ ርዝመት ነው። ቶሎ ቶሎ ላለመሰካት ብለው ረጅም ክር ወስደዋል። ከክርንዎ እስከ ጣትዎ ጫፍ ያለው አንድ ክንድ፣ ወደ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ይበቃል። እጃችን በእያንዳንዱ ስፌት መርፌውን በትንሹ በአንድ አቅጣጫ ያሽከረክረዋል፤ ይህ ጥምዘት ተጠራቅሞ ነው ክሩ በራሱ ላይ የሚቋጠረው። በየጊዜው መርፌውን ልቀቁትና ተንጠልጥሎ ይሽከርከር፣ ጥምዘቱን ራሱ ይፈታል። ሌላው መድኃኒት ሰም ነው። የድሮ ሰፊዎች ክራቸውን በጧፍ ያሹት ነበር። አሁን ያለው ጧፍ ብዙው የማር ሰም ስላልሆነ ንጹሕ የማር ሰም ከገበያ ቢያገኙ ይሻላል፤ ክሩን አንዴ በሰሙ ላይ ሳብ አድርገው በወረቀት መሃል በለዘብተኛ ካውያ ይለፉበት፤ ትርፉ ሰም ወረቀቱ ላይ ይቀራል፣ ጨርቁንም አያበላሽም። የክሩ ዓይነትም የጥጥ ይሁን። ከሸማው የሚጠነክር የፖሊስተር ክር ሲጎተት የሚበጠሰው ክሩ ሳይሆን ጨርቁ ነው፤ ክር ቢበጠስ መልሶ ይሰፋል፣ የተቀደደ ሸማ ግን አይመለስም።

ለአንገቱ ቁልፍ ካለው በአጭሩ፦ ሸማ ላይ ቁልፍ ሲተክሉ ከጀርባ ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ይደግፉበት፣ በቁልፉና በጨርቁ መካከል የክብሪት እንጨት አስገብተው ይስፉ፣ እንጨቱን አውጥተው የቀረውን የክር አንገት ሦስት አራት ጊዜ ይጠምጥሙት።

የነጠላው ጫፍ መርፌም መኪናም አይደለም ዋና ፍላጎቱ፤ መቋጨት ነው። ዛሬ ነገር ተጨረሰ ለማለት «ተቋጨ» እንላለን፤ ቃሉ የሸማ ጫፍ ሥራ ቃል ነው። መፈታቱን ለማቆም በመጀመሪያ በቀጭን መርፌና በነጭ የጥጥ ክር የመጨረሻውን ማግ ይያዙት፤ አምስት ወይም ስድስት የድር ክሮችን አንድ ላይ ጠምጥመው ወደ ሽመናው አንዲት ስፌት ይውጉ፣ ወደሚቀጥሉት ይለፉ። ከዚያ የተንጠለጠሉትን ክሮች ይቋጩ። ሁለት እኩል እፍኝ ክር ይያዙ፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ወደ ቀኝ እስኪጠነክሩ ይጠምዝዟቸው፣ አጣምረው ደግሞ ወደ ግራ ይልቀቋቸው። ሁለቱ ክሮች ለመፈታት ሲታገሉ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ጫፉ ላይ አንድ ቋጠሮ ይበቃል። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከጠመዘዟቸው ግን እጅዎን እንዳነሱ ይፈታሉ። የአንድ ነጠላ ሁለት ጫፍ ምሽቱን ሙሉ ሊወስድ ይችላል፤ ለሰርጉ ዋዜማ አይተዉት።

እንደገና ከመጀመርዎ በፊት መርፌዎችዎን ይቁጠሩ። እኔ ስጀምር ቆጥሬ አወጣለሁ፣ ስጨርስ ቆጥሬ አስገባለሁ፤ ቁጥሩ ካልሞላ ከቦታዬ አልነሣም። መርፌን ያለ ክር አያስቀምጡት፤ የወደቀ መርፌ ክር ካለው ከሩቅ ይታያል፣ ከሌለው ይጠፋል። ሶፋ ላይ፣ መጋረጃ ላይ ወይም የለበሱት ልብስ ደረት ላይ አይሰኩት፤ ሥራ ላይ ያለውን ጨርቅም መርፌ ሰክተውበት አያሳድሩት፣ እርጥበት ካለ ሌሊቱን ዝገት ያትምበታል። ከሁሉ በላይ ከንፈርዎ መሃል አይያዙት። ሰው ሲጠራዎት ወይም ሲያስልዎት የሚዋጥ መርፌ አለ፤ ከተዋጠ ዳቦ ወይም ሙዝ በልቶ ለማውረድ ወይም ለማስመለስ ሳይሞክሩ ወዲያው ሆስፒታል መሄድ ነው። ሰው የወጋ መርፌ ለሌላ ሰው አይሰጥ፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ በዓይን አይታይምና ይጣል። የሚጣለውም ከነስባሪው በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ተከድኖ እንጂ በቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ብቻውን አይደለም፤ ከረጢቱን የሚያነሳው ሰው እጅ አለው።

ጊዜው ይበቃዎታል። ዛሬ ጫፉን ይፈልጉ፣ ነገ ደሙን ያስለቅቁ፣ በዚህ ሳምንት ቀሚሱ ለወገቡ ወደ ሰፊው ይሂድ፣ በሚቀጥለው ሳምንት የቀረች ጠርዝ ካለች በቁጥር 9 መርፌ አንዲት ክር እያነሱ ይጨርሷት። ጫፉ በማግኔትም፣ በመስኮት ብርሃንም፣ በራጅም ካልተገኘ ያጠፉት ክፍል ተፈትቶ፣ ጨርቁ በአንድ ድርብ ተዘርግቶ፣ የጥለቱ ጀርባ በማግኔት ክር በክር እስኪታይ ድረስ ለእህትዎ ሰርግ ሌላ ቀሚስ ይልበሱ።